ካውዲል ጆሮውን ያወለቀ ዕለት

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ ኤሜት ካውዲል እሑድ ጠዋት በገዛ ጓሮው ሞቶ ተገኘ። የአትክልት መሣሪያ ከሚያስቀምጥበት ጎጆ ደጃፍ፣ ጠጠሩ ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። የኋላ ጭንቅላቱ ተበርቅሷል። ከጎኑ ደም የነካው አካፋ ተጋድሟል። ያገኘው የእህቱ ልጅ ለስተር ሲሆን፣ ሽማግሌው ከእሱ ሌላ ዘመድ አልነበረውም።

የብራሽ ክሪክ ፖሊስ ለማሰላሰል ጊዜ አላጠፋም። ቅዳሜ ዕለት የካውዲልን ሣር ያጨደው ዌንደል ነፒየር የሚባል ወጣት ነው። አካፋው ላይ የእጁ አሻራ አለ፤ ሽማግሌው ሲጮህበት ጎረቤት ሰምቷል፤ ከዚህ ቀደምም በስርቆት ተቀጥቷል። በዚያ ላይ ስንት ሰዓት እንደሄደ ሲጠየቅ ደንግጦ «ከምሳ በፊት» ብሎ ዋሸ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሲወጣ ያዩት ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌው የጆሮ መስሚያ እያደረገም በደንብ ስለማይሰማ «እንደምን አደርክ» የሚለውም እየጮኸ መሆኑን ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከወር በኋላ ዐቃቤ ሕጓ ሆፕ ማጋርድ ዋጋዋን ቆርጣ ላከች። ዌንደል «በንዴት ገደልኩት» ብሎ ጥፋቱን ካመነ ዐሥራ አምስት ዓመት። አላምንም ካለ ክሱ ሆን ብሎ መግደል ይሆናል፤ እሱም ዕድሜ ልክ፣ ምናልባትም ሞት ነው። ድርድሩ እስከ ዓርብ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ደጁ ተዘጋ።

ረቡዕ ዕለት ሎሬታ ኮምብስ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ሎሬታ ለአውራጃው ተከላካይ ጠበቆች መርማሪ ናት፤ ስድሳን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም የማያማት ሴት። የተላከችው ዌንደልን አንድ ወረቀት አስፈርማ እንድትመለስ ብቻ ነበር። እሷ ግን ሰው ፊት ተቀምጣ ሳትጠይቅ የመነሳት ልማድ የላትም።

«ገድለኸዋል?» አለችው።

«አልገደልኩም።»

«ታዲያ ዓርብ ምን ልትል ነው?»

«ገድያለሁ ልል ነዋ!»

ዌንደል በካቴና የታሰረ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እትዬ ሎሬታ፣ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ዐሥራ አምስት ቢፈርዱብኝ ስወጣ ዐሥራ ዘጠኝ ይሆናታል፤ ለሰርጓ እደርሳለሁ። ዕድሜ ልክ ከሆነስ? ጠበቃዬ አቶ ራንዳል ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ‹ለንጹሕ ሰው የተለየ ዋጋ የለም› አለኝ።»

«እውነቱን ነው» አለች ሎሬታ፤ አፏ መረራት። «እና ዳኛው ፊት የምትለውን ታውቀዋለህ?»

ዌንደል ደረቱን ነፋ አድርጎ ልክ እንደ ተማሪ ወጣው። «ቅዳሜ ማታ አቶ ካውዲል በሣሩ የተነሳ ሰደበኝ። ተናደድኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። መስሚያውን ከጆሮው አውልቆት ስለነበር ጠጠሩ ላይ ስራመድ አልሰማኝም። በአካፋው አንድ ጊዜ መታሁት። ተጸጽቻለሁ፤ ቤተሰቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ጎበዝ። ማን ጻፈልህ?»

«አቶ ራንዳል። ዳኛ ሆብሰን ‹እንዴት አደረግኸው?› ብለው በራስህ አፍ ካላስነገሩ ድርድር አያጸድቁም አለኝ። የተንተባተበ ሰው ይመልሳሉ አሉ። እኔ ደግሞ ለሽምደዳ ማን ብሎኝ! ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ እወጣው ነበር።»

ሎሬታ ወረቀቱን ሳታስፈርም ከረጢቷ ውስጥ መልሳ ወጣች። የሆነ ነገር ጥርሷ መሀል እንደገባ የሥጋ ክር እየኮረኮራት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችውም። ቢሮዋ ገብታ የፖሊሱን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ከዚያ ተነስታ ጠበቃውን ፍለጋ ሄደች።

ራንዳል ፌንዊክ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ምሳውን ይበላ ነበር። ከትልቁ ከተማ ከሉዊቪል ወደዚህ ተራራ ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መንግሥት ጠበቃ የሚያቆምላቸው ድሆች አብዛኞቹ በእሱ እጅ ያልፋሉ። ፈገግታው የማይነጥፍ፣ የሁሉንም ሰው ልጅ በስም የሚያውቅ ሰው ነው። አስተናጋጇ ገና ከብረት መጥበሻው የወጣ የበቆሎ ዳቦ ስታቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ይሄን መጥበሻ ከቅድመ አያቶቻችሁ የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ ያጠበው ሰው አለ? ሳሙና የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«መጥበሻ በሳሙና ያጠበች ሴት እዚህ አገር ባል አታገኝም» አለችው አስተናጋጇ እየሳቀች።

ሎሬታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ልጁ አልገደልኩም ይላል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሎሬታዬ፣ ሙግት ቁማር ነው፤ ድርድር ገበያ ነው። ከመቶው ሰው ሁለት ሦስቱ ቢሟገት ነው። ሁሉም ‹ልሟገት› ያለ ቀን ይሄ ፍርድ ቤት በሳምንቱ ይዘጋል። እኔ ለልጁ ዕድሜ ገዛሁለት፤ አንቺ ደግሞ ልትሸጪበት ነው።»

«ንጹሕ ከሆነስ?»

«ንጹሕ ከሆነማ በጣም ያሳዝናል» አለ ራንዳል፤ ሰላጣውን እያላመጠ። «ግን ምን ታደርጊዋለሽ? አሻራ አለ፤ ውሸት አለ።»

«ሽማግሌውን በቅርቡ አግኝተኸው ነበር?»

«ኤሜትን? ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ነፍሱን ይማርና፣ ግትር ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሎሬታ የካውዲል ቤት ደረሰች። ለስተር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን ከቀብሩ ወዲህ ቆልፎት ስለነበር ሲከፍተው የታፈነ አየር ወጣ።

«ቤቱ ላንተ ቀረ አይደል?» አለችው።

«ለእኔና ለምስጡ።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበርክ?»

«ጭነት ይዤ ቴነሲ። ፖሊስ አጣርቶታል፤ አንቺም አጣሪ እትዬ ሎሬታ፣ አልቀየምም።»

ሎሬታ ጓሮውን ትታ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው አጠገብ ከሚስማሩ ላይ ትልቅ የብረት መጥበሻ ተሰቅሏል። ጥቁርና ወዛም መሆን ሲገባው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ዝገት ለብሷል። ለስተር ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው ይሄን ያደረገው? የአጎቴ እናት መጥበሻ እኮ ነው! ከዝገት የሚጠብቀውን ቅባት በሳሙና ፈግፍጎ፣ ከነውሃው የሰቀለው ማነው? አጎቴ በጨርቅ ከመወልወል በቀር ውሃ አስነክቶት አያውቅም።»

ሎሬታ መጥበሻውን በፎጣ ጠቅልላ አወረደችው። «አጎትህን ስታገኘው እዚህ የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም። ብቻ ጠረጴዛው ላይ የጆሮ መስሚያው ነበር፤ እንዳይጠፋ ብዬ ስኳር ዕቃው ውስጥ አኖርኩት።»

«የቱ ጋ ነበር?»

ለስተር በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ፊት ያለውን ቦታ በጣቱ ነካ።

«አጎትህ የሚቀመጠው እዚያ ነው?»

«አይ፤ እሱ ምድጃው ጋ ነው። ያ የእንግዳ ነው።»

«ለፖሊስ ነገርካቸው?»

«ማን ጠየቀኝ? እነሱ ከጓሮው መች አለፉ!»

ሎሬታ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ኤሜት ካውዲል ዐቃቤ ሕግ ሳለ አንድ የታወቀ ልማድ ነበረው። ከጠበቆች ጋር ሲደራደር መጨረሻውን ዋጋ ይናገርና መስሚያውን ከጆሮው አውልቆ ጠበቃው ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ብትሰድበው ያው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ፍርድ ቤት ነገር ሲያከትም «ካውዲል ጆሮውን አወለቀ» ይባላል።

«አንተ ላይ አውልቆ ያውቃል?» አለችው ለስተርን።

«እኔ ላይ? እኔን ሊሰድብ ሲል ጭራሽ ድምፁን ይጨምረው ነበር።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ሊሞት ሰሞን ኦፓል ግሮስ መጥታ ነበር። ስትወጣ ታለቅሳለች። ልጇን ያሳሰረው አጎቴ ነው፤ ታውቂዋለሽ።»

ኦፓል ግሮስን የማያውቅ የለም። ልጇ ዴኒ በዘረፋ ተከሶ ተሟገተ፤ ተረታ፤ ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት። በሁለተኛው ክረምት እስር ቤት ውስጥ በአንሶላ ራሱን ሰቀለ። ሎሬታ ቤቷ ስትደርስ ኦፓል በረንዳዋ ላይ ባቄላ ትፈለቅቅ ነበር።

«ገድላው እንደሆነ ጠይቂ ብለው ላኩሽ?» አለች ኦፓል ቀና ሳትል። «ልረግመው ነበር የሄድኩት። እግዜር ቀደመኝ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ሦስት ዓመት ሰጥቼው እንቢ ያለው ልጅሽ ነው፤ ምን ላድርግ?› አለኝ። የምን ሦስት ዓመት? አልኩት። ‹ካመነ ሦስት ዓመት ብዬ ለጠበቃው ነግሬ ነበር› አለ። ሎሬታ፣ ዴኒ ሦስት ዓመት ቢሉት እየሮጠ ነው የሚፈርመው! እኔ ራሴ እጁን ይዤ አስፈርመው ነበር። ማንም አልነገረንም። ማንም!» ባቄላው ከእጇ ተበተነ። «ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ‹እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነይ፤ ያጠፋው ሰው ራሱ አፉን ከፍቶ ይነግርሻል፤ እሱ ካልነገረሽ እኔ እነግርሻለሁ› አለኝ። እሑድ ስሄድ ፖሊስ ግቢውን ሞልቶታል።»

«የዴኒ ጠበቃ ማን ነበር?»

ኦፓል ስሙን ነገረቻት። ሎሬታ የተበተነውን ባቄላ አብራት ለቀመችና ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት እንድትመጣ ለምናት ሄደች።

ሐሙስን ሙሉ ከዐቃቤ ሕጓ ከማጋርድ ጋር ስትጨቃጨቅ ዋለች። «በዛገ መጥበሻ ምክንያት ያለቀ ድርድር አፍርሺ ትይኛለሽ?» አለች ማጋርድ። ነገር ግን ሎሬታ «መዝገብሽን አንድ ጊዜ አንብቢልኝ፤ ስለ መስሚያ የሚል ካገኘሽ ምላሴን ቁረጪው» ስትላት አነበበች፤ ደገመች፤ ከዚያም መጥበሻውን ለምርመራ ላከችው።

ዓርብ ጠዋት ችሎት ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ከዳኛ ሆብሰን የጀርባ ክፍል ተሰበሰቡ። ማጋርድ፣ ለስተር፣ ኦፓል፣ በካቴና የታሰረው ዌንደል ከጠባቂው ፖሊስ ጋር፣ ከጎኑም ጠበቃው ራንዳል ፌንዊክ አሉ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መርማሪ በዚህ ክፍል አይናገርም። ዛሬ ግን ዐቃቤ ሕጓ ስለለመነችኝ እሰማለሁ። አሳጥሪው።»

«አሳጥራለሁ የተከበሩ ዳኛ» አለች ሎሬታ። «ኤሜት ካውዲል የሞተው ጓሮው ውስጥ አይደለም። ወጥ ቤቱ ውስጥ በመጥበሻ ነው የተመታው። ገዳዩ ደሙን ለማጥፋት መጥበሻውን በሳሙና ፈግፍጎ፣ ውሃውን ሳያደርቅ መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ሬሳውን ወደ ጓሮ ጎተተ፤ ዌንደል ሲሠራበት የዋለውን አካፋ ደም አስነክቶ ከጎኑ ጣለ። የመጥበሻው እጀታ ከሥሩ ስንጥቅ አለው፤ ሳሙናው እዚያ አልደረሰም።»

«ደም ተገኝቷል» አለች ማጋርድ አንገቷን ደፍታ።

«እዚህ ተራራ ላይ ያደገ ሰው እጁ በደም ቢታጠብ እንኳ የብረት መጥበሻ በሳሙና አያጥብም፤ ቢያጥብም እሳት ላይ አድርቆ ቅባት ይቀባዋል። ለስተር አያደርገውም፣ ኦፓል አታደርገውም፣ ዌንደል አያደርገውም። ይሄ የከተማ ሰው እጅ ነው።»

ራንዳል ሳቀ። «በዚህ ክፍል ከሉዊቪል የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሎሬታ፣ በወጥ ቤት ሙያ ሰው ልትሰቅይ ነው?»

«ቆየኝማ። ዌንደል፣ የሸመደድከውን በልልን።»

ዌንደል ጠበቃውን አየው፤ ከዚያ ጀመረ። «መስሚያውን ከጆሮው አውልቆት ስለነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ሎሬታ እጇን አነሳች።

«እዚህ ጋ ቁም። ራንዳል፣ መስሚያው እንደወለቀ ከየት አወቅህ?»

«ከመዝገቡ።»

«መዝገቡ ውስጥ የለም» አለች ማጋርድ። «ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ዌንደል ነግሮኝ ይሆናላ! ደንበኛዬ ነው።»

«እኔ?» ዌንደል ድምፁ ቀጠነ። «እኔማ ጠየቅኩህ እንጂ! ‹ሲጮህብኝ መስሚያው ጆሮው ላይ ነበር እኮ› ስልህ ‹በኋላ አውልቆታል፤ አንተ ዝም ብለህ አጥና› አላልከኝም?»

የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ራንዳል ዳኛው በጠጠር ላይ የሚሄድ ሰው እንዴት እንዳልተሰማ መጠየቃቸው እንደማይቀር አውቆ ነበር፤ መልስ ሲያስብ ዓይኑ ያየው ነገር ቀድሞ መጣለት።

«መስሚያው ወልቆ ነበር» አለች ሎሬታ። «ለስተር ያገኘው ከእንግዳው ወንበር ፊት ነው። የተከበሩ ዳኛ፣ ኤሜት ጆሮውን ለማን ነበር የሚያወልቀው?»

ዳኛ ሆብሰን ራንዳልን ትክ ብለው አዩት። «ለጠበቃ» አሉ ቀስ ብለው። «ለሚደራደረው ጠበቃ ብቻ።»

«ያን ማታ ዋጋው ቀላል ነበር። ‹ነገ ለኦፓል ራስህ ትነግራታለህ፤ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ› አለው። የሦስት ዓመቱን ድርድር ለዴኒ ሳያደርስ ረስቶ ለሠላሳ ዓመት የማገደው የዴኒ ጠበቃ የነበረው ራንዳል ነው። ለመነው፤ ሽማግሌው ጆሮውን አውልቆ ፊቱ አኖረለትና ወደ ምድጃው ዞረ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላናገረውም።»

ኦፓል ከወንበሯ ተነሳች። አልጮኸችም። «ረሳኸው?» አለችው። «ልጄን ረሳኸው?»

ራንዳል ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ከረጢቱን ዘጋና ወደ ማጋርድ ዞረ። «ከዐቃቤ ሕግ ጋር ለብቻ መነጋገር እፈልጋለሁ» አለ። በዚያ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሰው አፉን የሚፈታው በዚህ ቃል ነው።

ሎሬታ ያሸነፈች መሰላት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለዌንደል «ዛሬ ነጻ ትወጣለህ» አለችው። እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከበሩ በስተጀርባ ራንዳል ሃያ ዓመት የኖረበትን ገበያ ዘረጋ። እሱ ቢሟገት በእሱ እጅ ያለፉት ሰዎች ሁሉ «የእኛስ ድርድር?» ብለው ይነሳሉ፤ ከእነዚያ ውሎች ግማሹን የፈረመችው ማጋርድ ራሷ ናት። ዝም ካለና ካመነ ግን መዝገቡ በአንድ ቀን ይዘጋል። ማጋርድ ስትወጣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰጥታዋለች።

«ዐሥራ ሁለት?» አለች ሎሬታ። «ለንጹሑ ዐሥራ አምስት፣ ለገዳዩ ዐሥራ ሁለት?»

«እሱ የሚሸጠው ነገር ነበረው» አለች ማጋርድ ዓይኗን ሳታነሳ። «ልጁስ ምን አለው?»

ለዌንደልም ወረቀት ይዛ ነበር። ንጹሕ ነህ ብለው ከለቀቁት አውራጃውን ይከሳል፤ ያንን ማንም አልፈለገም። ስለዚህ ግድያው ይሰረዛል፤ እሱ ደግሞ ስለ ሰዓቱ ለፖሊስ መዋሸቱን ያምናል፤ የታሰረው ጊዜ ቅጣት ሆኖ ይቆጠርለትና አሁኑኑ ይሄዳል። አልፈርምም ካለ ክሱ እስኪሰረዝ ቀጣዩን ችሎት እዚያው እስር ቤት ሆኖ ይጠብቃል።

«እንዳትፈርም» አለችው ሎሬታ። «ሳምንታት ናቸው። ቻላቸው፤ ስምህ ንጹሕ ሆኖ ትወጣለህ።»

«እዚያ አንቺ እደሪ እስኪ!» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮቱን ረስቶ። «ትናንት ማታ ከጎኔ ያለውን ልጅ ጥርሱን አረገፉት። ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው። ልጄ ጋ።»

ሌላ ጠበቃ እስኪመደብለት እንኳ ሳይጠብቅ ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ። ዳኛ ሆብሰን ተገዶ እንደሆነ ጠየቁት፤ አልተገደድኩም አለ።

ሚስቱ ራሞና መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቁማ ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተኝታለች። ዌንደል ልብሱን በላስቲክ ይዞ ሮጦ ሚስቱን አቀፋት፤ ሎሬታ ከደረጃው ላይ ሆና አየቻቸው።

«ንጹሕ ነህ አሉህ?» አለችው ራሞና።

«ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። የፈረምከው ነገር አለ?»

«ትንሽ ነገር ናት። ለፖሊስ ዋሽቻለሁ አልኩ፤ አለቀ።»

ራሞና እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች። «የምንኖርበት የመንግሥት ቤት ኃላፊ ትናንት መጥቶ ነበር። ‹ነጻ ከተባለ ይግባ። በማንኛውም ወንጀል ከተፈረደበት ግን አንድ ሌሊት እዚህ ቢያድር አንቺንም ልጅሽንም አስወጣችኋለሁ› ብሎኛል። በነገሩ ላይ አስፈርሞኛል፣ ዌንደል። እኔም ፈርሜያለሁ።»

ዌንደል የኋላውን በር ከፍቶ ልጁን ሳይቀሰቅሳት ግንባሯን ሳማት፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ራሞና እያለቀሰች ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ታጥፋ እስክትጠፋ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ አያት።

ሎሬታ ደረጃውን እያነከሰች ወርዳ አጠገቡ ደረሰች።

«እትዬ ሎሬታ» አለ ፊቱን ሳይመልስ፤ «ፊርማዬን መልሼ መውሰድ ይቻላል?»

«አይቻልም» አለችው።